ለጥር 16 የተቆረጠ ሠርግ፦ እናራዝመው ወይስ አሳንሰን እንደግሰው? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን_ታላቅ_ወንድም (ጥቅምት 9 ቀን 2013)

ሰላም የድሬ ልጆች። ድግስ የምታውቁ፣ ውልም የምታነቡ ሰዎች ሐሳብ ስጡን።

የእህቴ ሠርግ የተቆረጠው ለሚያዝያ 25 ቀን 2012 ነበር። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ ተከትሎም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለና ቀረ። ከአዳራሹ ጋር በቃል ተነጋግረን ለእሑድ ጥር 16 ቀን 2013 አዛወርነው። ቀብዱ 20,000 ብር ነው፤ የተከፈለው የካቲት 2012፣ ኮሮና አገር ውስጥ ሳይገባ። አሁን አዳራሹ «ዋጋ ጨምሯል፣ ልዩነቱን ክፈሉ፤ ካልፈለጋችሁ ቀብዱ ይቀራል» እያለ ነው።

የጥሪ ዝርዝሩ 400 ሰው ነው። የሙሽራው ቤተሰብ ሐረር ነው፤ በሁለቱም ወገን ክርስቲያንም ሙስሊምም እንግዳ አለ። እናታችን ጌሾና ብቅል ለመግዛት፣ አባታችን ሰንጋ ለማሰር ቸኩለዋል። አያታችን 84 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም አለባቸው።

ቀብዱ ይመለሳል ወይ? ጥር ላይ በሃምሳ ሰው እናድርገው ወይስ ከፋሲካ በኋላ እንግፋው? በሃምሳ ሰው ከሆነስ ድግሱ እንዴት ይመጠናል?

---

ውል_አንባቢ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አውጣና እይ፤ የሚለው «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ አዳራሹ በገዛ ፈቃዱ «አላስተናግድም» ካለ የሚመልሰው 40,000 ነው። ወረቀቱ «ቅድሚያ ክፍያ» ካለ ግን ይህ የእጥፍ ነገር አይሠራም፣ የምትከራከረው በከፈልከው ልክ ብቻ ነው።

የሚያዝያው መቅረት የማንም ጥፋት አልነበረም። ቁጥር 1793 ከአቅም በላይ ኃይል ብሎ ከሚዘረዝራቸው አንዱ ውሉን እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላ ነው። በዚያ ቀን እናንተ መሰብሰብ አትችሉም፣ አዳራሹም ማስተናገድ አይችልም ነበር። በዚያ ምክንያት «ቀብዱ ተቃጠለ» ማለት አያስኬደውም። የዋጋ መናሩም ምክንያት አይሆንለትም፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት መውረድን ከአቅም በላይ ከሚባለው አውጥቶታል።

ድክመታችሁ ሌላ ቦታ ነው፤ ማዛወሩ በቃል ነው የተደረገው። ያኔ የተላላካችሁት የቴሌግራም መልእክት ወይም አጭር መልእክት ካለ ዛሬውኑ ስክሪንሹት አንሥተህ አስቀምጥ። «ለጥር 16 ይዘንላችኋል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ከሌለ አሁን ላክ፦ «በሚያዝያ በተነጋገርነው መሠረት ጥር 16 በቀድሞው ዋጋ መያዙን አረጋግጡልን»። የሚመልሱትም የማይመልሱትም መልስ ይጠቅማል።

ከዚያ ወደ አዲሱ ውል። ልብ በል፣ ጥቅምት 2013 ላይ የፈረመ ሰው ኮሮናን «ያልታሰበ ነገር» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። ስለዚህ ሕጉ ላይ ከመደገፍ ውሉ ውስጥ ጻፉት። እንዲህ ያለ አንቀጽ ይበቃል፦

«በመንግሥት ክልከላ ምክንያት ጥር 16 ቀን 2013 ቢያንስ 50 ሰው ማስተናገድ ካልተቻለ፣ የተከፈለው 20,000 ብር ሳይቀነስ ተከራይ ለሚመርጠው ክፍት ቀን ይዛወራል፣ ዋጋውም አይጨምርም። እስከ ሰኔ 13 ቀን 2013 ክፍት ቀን ካልተገኘ ገንዘቡ በ15 ቀን ውስጥ ተመላሽ ይሆናል። ተከራይ የእንግዳውን ቁጥር እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ሊቀንስ ይችላል፤ ክፍያውም በቀነሰው ልክ ይሆናል።»

ትልቁ ገንዘብ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ብዙ ውል «ትንሹ የሰው ቁጥር 300» የሚል ነገር ከታች ይጨምርና 50 ሰው በልቶ የ300 ይከፈላል። ለዲኮር፣ ለቪዲዮና ለምግብ አዘጋጅም ይቺኑ አስገቡ።

ደግሞ አቦ፣ በ20,000 ብር ፍርድ ቤት መመላለስ አያዋጣም። ሕጉን የጻፍኩልህ በጠረጴዛ ዙሪያ ድምፅህ እንዳያንስ ነው።

---

ቀን_ቆጣሪ

«ከፋሲካ በኋላ» ማለት ቀላል ነው፣ ቀኖቹን ግን ቁጠሯቸው። ፋሲካ በ2013 ሚያዝያ 24 ይውላል፤ ዳግማይ ትንሣኤ ግንቦት 1 ነው። ሰው ሁሉ ለዳግማይ ይሽቀዳደማል፤ የዘንድሮው ዳግማይ ግን ረመዳን ውስጥ ነው የሚወድቀው። ረመዳን የሚገባው ሚያዝያ 5 ገደማ፣ ኢድ የሚሆነው ግንቦት 5 ገደማ ነው፣ ጨረቃዋ እንደታየች። ድሬ ላይ ጎረቤትን በጾም ቀን ምሳ መጥራት ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ የሚቀሩት እሑዶች ግንቦት 8፣ 15፣ 22፣ 29፣ ሰኔ 6 እና 13 ናቸው፤ በማግስቱ ሰኔ 14 የሰኔ ጾም ይገባል። ስድስት እሑድ፣ ያውም ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ የተንጠለጠለው ሙሽራ ሁሉ የሚጋፋበት። የድሬም ሙቀት ዓይኑ የሚፈጠጠው ያን ጊዜ ነው፤ ቀትር ላይ ድንኳን ሥር ማስክ አድርጎ የሚቀመጥ ሰው አታገኙም።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ይሻላል። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ነው የሚገባው። ጥር 16 ላይ ክልከላ ቢመጣ ጥር 23፣ ጥር 30፣ የካቲት 7 እና የካቲት 14 አሉላችሁ። የእኔ ሐሳብ፦ ጥር 16ን አጽኑ፣ የካቲት 14ን በተጠባባቂነት ያዙ፣ ግንቦትን እርሱት። ቀለበቱ ላይ ቀን አታስቀርጹ፤ የሚቀረጸው ካለፈ በኋላም ይቀረጻል።

---

ሦስት_ጉልቻ

ድግስ የሚራዘመው ወይም የማይራዘመው ቀኑ ሲደርስ አይደለም፤ የማይመለስ ነገር ሲጀመር ነው። እናትህ በርበሬ ቢገዙ ችግር የለውም፣ ዛላው ተቀጥቅጦ ተደልዞ ዓመት ይቀመጣል። ንጥር ቅቤም ወራት ይቆያል፣ ማር አይበላሽም፣ ጤፍ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ጌሾና ብቅልም ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ይጠብቃሉ። ጥንስሱ ውሃ ከነካ በኋላ ግን መመለሻ የለም፤ ከጥንስስ እስከ መጠጣት ደጋ ላይ ሁለት ሳምንት የሚወስደው ጠላ ድሬ ላይ ዐሥር ቀን ሳይሞላው ይደርሳል፣ ከደረሰ በኋላም ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጠላ የሚጠነሰሰው ከጥር 6 በፊት አይደለም፤ ያን ቀን ጠዋት ስለ ክልከላ የተሰማ ነገር ካለ አይጠነሰስም። እንዲያውም ለሃምሳ ሰው ጠላ ተዉት። በአንድ ጣሳ ደጋግሞ የመቅዳትና ጣሳ የመቀያየር ልማድ አለን፤ ቢራና ለስላሳ በየጠርሙሱ ይሻላል። ሁለት ሳጥን ሐረር ቢራ፣ ሦስት ሳጥን ለስላሳ፣ አምስት ደርዘን ውሃ ይበቃል። ያልተከፈተ ሳጥን እንዲመለስ ከአከፋፋዩ ጋር ከመውሰዳችሁ በፊት ተስማሙ፤ የጠርሙስና የሳጥን መያዣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ሰንጋው ይቅር። 350 ኪሎ የሚመዝን የሐረር ሰንጋ ግማሽ ያህሉ ከነአጥንቱ ሥጋ ነው፤ ሃምሳ ሰው ይህን አይጨርስም፣ የተረፈውም በድሬ ሙቀት አያድርም። ደግሞ አሁን ታስሮ እስከ ጥር የሚበላው መኖ አለ፣ ቀኑ ከተራዘመ የመኖው ይራዘማል። በግ ግን ዋዜማው ላይ ይገዛል። ሁለት ጥቁር ራስ በግ ለክርስቲያኑ፣ አንድ ለሙስሊም እንግዶች፣ በሙስሊም እጅ የታረደ፣ ቢላውም ድስቱም አብሳዩም የተለየ። ይህን ለእናንተ ማስተማር አያስፈልግም፣ ግን ድግስ ሲያንስ «አንድ ድስት ይበቃል» የሚል ብልህ ሁልጊዜ ይነሣል። አይበቃም። ሁለተኛ ድስት ማውጣት ካስቸገረ ለሙስሊም እንግዶች የተዘጋጀ ምግብ ከሚያምኑት ሙስሊም አብሳይ እዘዙ።

እንጀራ፦ ለሰው ሁለት ተኩል ቆጥራችሁ፣ መጠባበቂያ ጨምራችሁ 150። ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት ስድስት ይወጣል፤ 30 ኪሎ ጤፍ በቂ ነው። ዶሮ ወጥ፦ አንድ ዶሮ 12 ብልት፣ ለአምሳ ሰው አምስት ዶሮ፣ ስልሳ እንቁላል፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ቅቤ። ሽንኩርቱን ከሳምንት በላይ ቀድማችሁ አትግዙ፤ በጆንያ ውስጥ ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል።

ቡፌ አታድርጉ። የጭልፋዋን እጀታ ሃምሳውም ሰው ይጨብጣታል። ሁለት አስተናጋጅ ማስክ አድርገው ከድስቱ ጀርባ ይቁሙና ያውጡ፣ እንግዳው ሳህኑን ብቻ ይዘርጋ። በካርቶን ታሽጎ የሚታደለውን ምግብ ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔ አልስማማም። ትኩስ ወጥ እንጀራ ላይ ፈሶ ሲከደን ያልበዋል፣ እንጀራው ይላላል፣ በድሬ ሙቀትም አንድ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ወጡ መሽተት ይጀምራል። የግድ ከሆነ እንጀራው ተጠቅልሎ ለብቻ፣ ወጡ በክዳን ኩባያ ለብቻ፣ እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ይሰጥ እንጂ ጠዋት ተደርድሮ አይጠብቅ።

እጅ መታጠቢያ፦ በአንድ መታጠብ አንድ ሊትር ያህል ይሄዳል፣ ሃምሳ ሰው ሦስት ጊዜ ቢታጠብ 150 ሊትር። ቧንቧ ያለው የ200 ሊትር በርሜል ከዋዜማው በፊት ይሞላ፤ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የድሬ ውሃ ከባድ ስለሆነ ደረቅ ሳሙና አረፋ አያወጣም፣ ፈሳሽ ሳሙና ግዙ። «አረቄ እናርከፍክፍ» የሚል ሽማግሌ ከመጣ በአክብሮት አስቀምጡት፤ ሳኒታይዘር ከ60 በመቶ በላይ አልኮል ይፈልጋል፣ አረቄ እዚያ አይደርስም። ሳኒታይዘሩም ከማንደጃውና ከቡናው ከሰል ይራቅ፣ በእሳት ይያያዛል።

---

የሳቢያን_ታላቅ_ወንድም

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እህቴና እጮኛዋ «እኛ ቀድመን ክብር መዝገብ እንፈርም፣ ድግሱ ሲመች ይሁን» ይላሉ፤ አባታችን አልተቀበለውም። ሁለተኛ፣ ከሐረር 30 ሰው ይመጣል፤ ሁለት ሚኒባስ ተብሏል።

---

ውል_አንባቢ

ፊርማውን መለየት ይቻላል፣ ብዙ ነገርም ያቀልላል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። ለክብር መዝገብ ሹሙ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለባችሁ፤ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ሙሽሮቹ 2፣ ምስክር 4፣ ሹሙ 1፤ ሰባት ሰው ነው። ሐረር ለመፈረም ካሰባችሁ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው መስፈርቱን እዚያው ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸምም ጋብቻ በሕግ የጸና ነው፣ ግን ሄዳችሁ አስመዝግቡት።

የአባትህ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ከፈረሙ በኋላ ድግሱ ቢቀርም ባልና ሚስት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገኘው ደመወዝ የጋራ ነው፤ በመሐል ቢጣሉም የሚባለው «ሠርጉ ቀረ» ሳይሆን «ተፋቱ» ነው። ስለዚህ ፊርማውና ድግሱ ወራት ከሚራራቁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሆኑ ይሻላል፤ ለአባትህም «ሐሙስ ፊርማ፣ እሑድ ድግስ» ብለህ ብታቀርበው ይቀበሉሃል።

---

ሸዋ_በር (ከሐረር)

ወሪያ፣ ሁላችሁም ስለ ምሳው ስታወሩ ሚኒባሱን ረሳችሁት። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሠርገኛ የያዘ መኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዐሥራ አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ከሐረማያ እስከ ደንገጎ ነፋሱ ስለሚበርድ መስኮት ተዘግቶ፣ ከበሮ እየተመታ በሙሉ ጉሮሮ ይዘፈናል። ቀኑን ሙሉ ካለው ሁሉ የባሰው ይህ ሰዓት ነው፤ ሰው ሲዘፍንና ሲጮህ ከትንፋሹ የሚወጣው ከሚያወራው በብዙ ይበልጣል። ሁለቱን ሚኒባስ አራት አድርጓቸው፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ስምንት ሰው፣ የፊትና የኋላ መስኮት አንድ ስንዝር ክፍት። ጋቢ ይልበሱ፣ ብርድ አይገድልም። ከበሮው ደንገጎን ወርደው ከመኪና ሲወጡ ይመታ።

ቀጥሎ በርጫው፣ ተሰብስቦ ጫት መቃሙ። የሚዜዎቹና የወጣቶቹ በርጫ ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም፣ ግን ይኖራል። ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በዝግ ክፍል፣ ፍራሽ ላይ ትከሻ ለትከሻ፣ ሺሻ ካለም አንድ ቱቦ ለሁሉም። ምሳው ላይ ሁለት ሜትር አራርቃችሁ ሰዎቹን ከሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ከቆለፋችኋቸው ምን ሠራችሁ? ወይ ሰገነት ወይም ዛፍ ሥር ይሁን፣ ወይ በግልጽ «ዘንድሮ የለም» ይባል።

አዳራሹንም አስቡበት። ሁለት ሜትር ለመራራቅ ለአንድ ሰው አራት ካሬ ሜትር ይዛችሁ አስሉ። 10 በ20 ሜትር ድንኳን 200 ካሬ ነው፣ ለሃምሳ ሰው በልኩ ይመስላል፤ የምግቡ፣ የሙሽሮቹ መድረክና መተላለፊያው ሲቀነስ ግን 35 ሰው ይይዛል። ግድግዳ የሌለው ድንኳን ግቢ ውስጥ ከኤርኮንዲሽን አዳራሽ ይበልጣል፣ አየሩ ይሄዳል። ወንበርና ድንኳን ከእድር ወይም ከአፎቻ (የሐረሮች እድር መሰል ማኅበር) ይገኛል፣ ቀብድም የለውም።

«ሃምሳ ሰው» ስትሉም ማንን እንደምትቆጥሩ ወስኑ። አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ ቪዲዮ፣ ዲጄ፣ ጥበቃ 12 ሰው ይሆናሉ። ሚዜና ሙሽሮች 8። የቀረው 30 ነው፣ አሥራ አምስት ለእያንዳንዱ ወገን። በሰው ከቆጠራችሁ ትጣላላችሁ፤ በቤት ቁጠሩ፣ አንድ ቤት አንድ ሰው። ማን እንደሚመጣ ቤቱ ራሱ ይምረጥ።

ሰውን በፈረቃ አበላለሁ የሚለውን አትሞክሩት። ጠዋት የመጣ እንግዳ ሳይጨፍር አይሄድም፣ ሁለተኛው ፈረቃ ሲደርስ ሁለቱም እዚያው ናቸው። ይልቅ በቀን ክፈሉት፦ ቅዳሜ ጎረቤትና ሙስሊም እንግዶች፣ እሑድ ቤተ ዘመድ። የሁለቱን ድስት ጉዳይም ያቀልለዋል። ቅልቅሉ ይቅር፣ መልሱ በሁለቱ ቤተሰብ ብቻ ይሁን።

---

ሦስት_ጉልቻ

@ሸዋ_በር በቀን መክፈሉ ጥሩ ነው፣ ግን አብሳዮቹ ሁለቱንም ቀን የሚቆሙት እነዚያው ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ካሳላት ሁለቱም ድግስ ተነካ። ለቅዳሜና ለእሑድ የተለያየ አብሳይ ያዙ፤ ድስቱ የተለየ ከሆነ አብሳዩም የተለየ መሆኑ አይከብድም።

---

ቀን_ቆጣሪ

ከ400ው ለሚቀሩት 350 ሰዎች ዝም አትበሉ፤ ቅያሜ የሚመጣው ከዝምታ ነው። ለአዛውንቶች ስልክ አይበቃም፣ ሁለት ሰው ደጃፋቸው ድረስ ሄደው ቆመው ይንገሯቸው። ለሌላው እንዲህ ይላክ፦

«ጤና ይስጥልን። የልጃችን ጋብቻ ጥር 16 ቀን በቤተ ዘመድ ብቻ ይፈጸማል። ዘመኑ ከልክሎን እንጂ ረስተናችሁ አይደለም። ምርቃታችሁ አይለየን።»

«ወደፊት ትልቅ ድግስ እንደግሳለን» የሚል አትጨምሩ፤ ሰው ይቆጥርባችኋል። ከመልእክቱ ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚያስገቡም አሉ። እባካችሁ።

---

የሳቢያን_ታላቅ_ወንድም

ለጥር 16 እና ለየካቲት 14 ውሉን ዛሬ እናስጽፋለን። አንድ የቀረኝ፦ አያታችን «ሳልመርቃት አትወጣም» ብለዋል።

---

ሸዋ_በር

እሳቸው ወደ ሠርጉ አይምጡ፣ ሠርጉ ወደ እሳቸው ይሂድ። ዋዜማው ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ወንበራቸው ግቢው ጥላ ላይ ይውጣ። ሙሽሮቹና አንድ አንድ ሚዜ ብቻ፣ ማስክ አድርገው፣ እጃቸውን ታጥበው። ጉንጭ አይሳሙ፤ እንደ ጥንቱ ጉልበት ይሳሙ። ምርቃቱን ከሁለት ሜትር ርቀት አሜን ይበሉ፣ ቪዲዮ ቀራጩም ከበሩ ሆኖ ይቅረጽ። ከሐረር የመጣ ሰው ግን ያን ግቢ አይግባ።